«ገባኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ የተሳሳታችሁትን የልምምድ ጥያቄ እንዴት ትመረምራላችሁ?

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማጥናት ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ስትወጡ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ታገኙታላችሁ። የእህቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ መጥታ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተዘጋጀችው እኛ ቤት ሆና ነው። እናቷ ከመንዝ የላከችላትን ዝተት ተከናንባ፣ የገብስ ቆሎ አጠገቧ አድርጋ፣ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ወርክሺት ትሠራለች። ትጋቷን ሳይ በራሴ የተማሪነት ዘመን አፍር ነበር።

አንድ ማታ ደብተሯን ገለጥኩት። የፊዚክስ ሞዴል ፈተና ነው። 50 ጥያቄ፣ 27 ትክክል። በተሳሳተችባቸው 23 ጥያቄዎች ላይ ትክክለኛው ፊደል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ሲ። ከዚያ ሌላ ወርክሺት ይቀጥላል።

«እነዚህን አየሻቸው?»

«አዎ አጎቴ፣ ገብተውኛል።»

«በይ እስቲ ይቺን 14ኛዋን ሥሪልኝ።»

ቀዩን ፊደል በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። እርሳሷን አነሳች፣ አሰበች፣ ጻፈች። የመጀመሪያውን ስህተት ራሱን ደገመችው። ቀና ብላ ስታየኝ ጣቴን አነሳሁ። ሁለታችንም ዝም አልን።

እኔም በጊዜዬ እንዲሁ ነበርኩ። መልሱን አይቼ «አሃ!» ካልኩ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር። «አሃ» ማለት ግን የሌላ ሰው መፍትሔ ስታነቡ አለመደናገራችሁን ብቻ ነው የሚያሳየው። መንገዱን ብቻችሁን ማግኘት ሌላ ነገር ነው።

የፈተናውን ክብደት ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ተማሪው ደንግጦ የጥያቄ መዓት ይሰበስባል። ስልኩ ከቴሌግራም በወረደ ፒዲኤፍ ይሞላል። እኔ የምለው፣ አንድ ሰዓት ጥያቄ ከሠራችሁ ሁለት ሰዓት ስህተታችሁ ላይ ቆዩ። ብዙ ነው አትበሉ። ከእህቴ ልጅ ጋር ወራት የሠራንበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ገና ስትሠሩ ምልክት አድርጉ

እያንዳንዱን ጥያቄ ስትመልሱ ከጎኑ ትንሽ ምልክት ጣል አድርጉ። እርግጠኛ ከሆናችሁ ነጥብ። ሁለት ምርጫ ላይ ከተወዛገባችሁ የጥያቄ ምልክት። ዝም ብላችሁ ካጠቆራችሁ ባዶ ክብ። አንድ ሰከንድ አይፈጅም። እርማት ላይ ግን ያኔ ምን አስባችሁ እንደነበር የሚነግራችሁ ይህ ምልክት ብቻ ነው።

አራት ምርጫ ያላቸውን 20 ጥያቄዎች በጭፍን ብታጠቁሩ፣ አምስት ያህሉን በዕድል ታገኛላችሁ። እነዚያ አምስቱ «ራይት» ተደርጎባቸው ያልፋሉ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ስለዚህ ክብ ያለበት ትክክለኛ መልስ እንደ ስህተት ይቆጠር።

ነጥብ አድርጋችሁ የተሳሳታችሁበትን ደግሞ ከሁሉም አስቀድሙት። እርግጠኛ ሆናችሁ ነበራ! ባተርፊልድ እና ሜትካልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ጥናት ደስ የሚል ነገር አለው። ሰዎች በእርግጠኝነት የተሳሳቱትን፣ ትክክለኛው ሲነገራቸው፣ በጥርጣሬ ከተሳሳቱት ይልቅ በቀላሉ አርመው ተገኝተዋል። ያስደነገጠ ነገር አይረሳም መሰለኝ። ድንጋጤው ሳይበርድ ሥሩበት።

2. ትክክለኛውን ፊደል ሳታዩ ታረሙ

የመልስ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡ። ለወንድም፣ ለእህት፣ ለጓደኛ። ሥራው ኤክስ ማድረግ ብቻ ነው። ትክክለኛውን ፊደል አይጽፍም፣ አይናገርም። እኛ ቤት አራሚው የ7ኛ ክፍሉ ልጄ ነበር። በአክስቱ ልጅ ደብተር ላይ ኤክስ ማድረግ የሰጠውን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ደብተሩን ዝጉት። ቢቻል እስከ ማግስቱ ይቆይ፤ ካልሆነ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ኤክስ የተደረገባቸውን ሰዓት ሳትይዙ እንደገና ሥሯቸው።

ሁለት ነገር ይሆናል። አንዳንዱ አሁን ትክክል ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ትምህርቱን ታውቁታላችሁ፤ ችግሩ ጥድፊያ ወይም አነባበብ ነው። ሌላው እንደገና ይሳሳታል፣ ወይም እንዴት እንደሚጀመር እንኳ ይጠፋችኋል። የእውነት ሥራ ያለው እዚህ ነው። መልሱን አስቀድማችሁ ብታዩ ኖሮ እነዚህን ሁለቱን የምትለዩበት መንገድ አይኖርም። መልሱን ያዩትን ጥያቄ ሁሉ «አውቀው ነበር» ማለት የሰው ባሕርይ ነው።

3. መንገዱ የት እንደታጠፈ ፈልጉ

እዚህ ጋ ረዘም አድርገን እንቆይ።

«ኬርለስ ሚስቴክ (የግድየለሽነት ስህተት) ነው» የሚሉት ነገር አለ። ይህን ቃል እኛ ቤት ከልክዬዋለሁ። ተማሪ «ኬርለስ ነው» ካለ ምርመራው አበቃ ማለት ነው።

ወደ 14ኛዋ ጥያቄ ልመለስ። ስሟን ቀይሬ ወደ አገራችን ላምጣት። አንድ መኪና ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ይወርዳል። በዚያው መንገድ ሲመለስ ዳገቱ ይዞት በሰዓት 40 ይሆናል። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ምርጫዎቹ 24፣ 48፣ 50 እና 100 ናቸው። (ጣርማ በርን ከጭነት መኪና ኋላ የወጣ ሰው፣ 40 ራሱ ምኞት መሆኑን ያውቃል። ፈተና ነውና እንለፈው።)

እሷ 50 አለች። ስጠይቃት «ኬርለስ ነው» አለችኝ። አልነበረም። 60 እና 40 ሲደመር 100፣ ለሁለት ሲካፈል 50። ስሌቷ ምንም እንከን የለውም። የተሳሳተችው መደመር ከመጀመሯ በፊት ነው።

መንገዱን 60 ኪሎ ሜትር እንበለው። ሲወርድ 1 ሰዓት፣ ሲወጣ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በጠቅላላው 120 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ተኩል። ሲካፈል 48። መኪናው ዳገቱ ላይ ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ አማካዩ ወደ 40ው ያዘነብላል። አማካይ ፍጥነት ማለት ጠቅላላ መንገድ ለጠቅላላ ሰዓት መሆኑን ስጠይቃት በቃሏ ታውቀዋለች! ሁለት ፍጥነት ስታይ ግን እጇ ቀድሞ ደመረ።

አሁን የቀሩትን ምርጫዎች ተመልከቱ። 24 ከየት መጣ? የመሄጃውን 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ወስዶ ለሁለቱም ጉዞ ሰዓት ያካፈለ ሰው ነው። 60 ለ2 ተኩል፣ 24። 100 ደግሞ ደምሮ ማካፈል የረሳ ነው። ጥሩ ጥያቄ አውጪ ቁጥር ዝም ብሎ አይበትንም። ተማሪ የት የት እንደሚስት አስቦ እዚያ ላይ መልስ አስቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ስህተታችሁን ስትመረምሩ የራሳችሁን ብቻ አትዩ። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ «ይህን የሚመርጠው ምን ያሰበ ሰው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ስታገኙለት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያ ምርጫ አያታልላችሁም።

ከብዙ ስህተት በኋላ አራት ዓይነት ብቻ እንዳለ አየን። ስም አወጣንላቸው።

«አላውቀውም»፦ ትምህርቱ ራሱ የለም። ሚቶሲስና ሚዮሲስን ካምታታችሁ መልሱን መሸምደድ አያድናችሁም። ወደ መማሪያ መጽሐፉ ሂዱና ክፍሉን ሙሉውን አንብቡ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ ልዩነቱን ተናገሩ። አንዱ ሁለት ተመሳሳይ ሴሎች፣ ሌላው የክሮሞዞም ቁጥራቸው በግማሽ የቀነሰ አራት ሴሎች ይሰጣል። ይህን ሳታዩ ካላችሁ በኋላ ብቻ ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

«አውቀዋለሁ ግን እጄ ቀደመ»፦ የ14ኛዋ ዓይነት። የኬሚስትሪም አለ። መጠኑ በማይለወጥ ዕቃ ውስጥ ያለ ጋዝ ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 54 ቢሞቅ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል? እጅ «አዎ» ይላል። ወደ ኬልቪን ስትቀይሩት ግን ከ300 ወደ 327 ነው፤ ግፊቱ የሚጨምረው 9 በመቶ ብቻ ነው። እዚህ መጽሐፍ መድገም አይጠቅምም። የሚያስፈልጋችሁ እጅን የሚያስቆም ምልክት ነው፤ «ጋዝ ሲባል መጀመሪያ ኬልቪን» ዓይነት።

«ሌላ ጥያቄ ነው የመለስኩት»፦ «ኖት» (አይደለም) እና «ኤክሴፕት» (በስተቀር) የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ያለፈ፣ በሜትር ተጠይቆ በሴንቲ ሜትር የመለሰ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሚጠየቀውን ነገር ከማስላታችሁ በፊት አስምሩበት።

«ሰዓት አለቀ»፦ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ጥያቄ ጥፋት አይደለም። ከእሱ በፊት ያለ አንድ ግትር ጥያቄ ሰባት ደቂቃ በልቶባችኋል። እሱን ፈልጋችሁ «መዝለል የነበረብኝ» ብላችሁ ጻፉበት።

4. የስህተት ደብተር

ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ገጹን ከላይ ወደ ታች በመሐል እጠፉት። በግራው ጥያቄውን አሳጥራችሁ ጻፉ፤ ምርጫዎቹን አትርሱ። በቀኙ መንገዱ የታጠፈበትን ቦታ ጻፉ። ከሦስት መስመር አይብለጥ። ሙሉ መፍትሔ አትገልብጡ፤ የተገለበጠ መፍትሔ ጌጥ ነው።

በአማርኛ ጻፉት። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን አላጣሁትም። የትምህርቱን ቃላት እንዳሉ ያዟቸው። «ለምን ተሳሳትኩ» የሚለውን ግን በምታስቡበት ቋንቋ ካልጻፋችሁት ከመጽሐፍ የተቀዳ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የእህቴ ልጅ የ14ኛዋ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ሁለት ፍጥነት ስላየሁ ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ። ዳገቱ ላይ የቆየውን ሰዓት ረሳሁት። ‹አማካይ ፍጥነት› የሚል ሳይ መጀመሪያ ሰዓቱን እፈልጋለሁ።»

የመጨረሻዋን መስመር አስተውሏት። «እጠነቀቃለሁ» አላለችም። ምን ስታይ ምን እንደምታደርግ ነው የጻፈችው። «በደንብ ማንበብ አለብኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ ካገኛችሁ ሰርዙት፤ ማንንም ረድቶ አያውቅም።

ሁሉን ስህተት አትጻፉ። በቀን ስድስት ሰባት ከጻፋችሁ ብዙ ነው። ነጥብ ያለባቸውንና ሁለቴ የተሳሳታችሁባቸውን አስቀድሙ።

5. እህት ጥያቄ አውጡለት

እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። የተሳሳታችሁበትን ጥያቄ አንድ ነገሩን ቀይራችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ቁጥሩን ብቻ መቀየር ደካማ ነው። ሁኔታውን ቀይሩት።

እኛ እንዲህ አደረግን፦ መኪናው ግማሹን መንገድ ሳይሆን ግማሹን ሰዓት በ60፣ ግማሹን ሰዓት በ40 ቢነዳስ? አንድ ሰዓት 60፣ አንድ ሰዓት 40 ኪሎ ሜትር። ጠቅላላው 100 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት። 50!

«እንዴ! አሁን ትክክል ሆነ እኮ!» ብላ ሳቀች። አዎ፣ ሰዓቱ እኩል ሲሆን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ይሠራል። መንገዱ እኩል ሲሆን አይሠራም። ስህተቷ የት ላይ ትክክል እንደሚሆን ስታውቅ ነው ነገሩ የገባት። ሰላሳ ተመሳሳይ ጥያቄ ብትሠራ ይህን የምታገኘው አይመስለኝም።

6. ተመልሳችሁ ሥሩት

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱን እየፈተነ እንዳሳየው፣ የተጠና ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይረሳል፣ እየቆየ ግን የመርሳቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ሮዲገር እና ካርፒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አነጻጸሩ። አንዱ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንብቦ ራሱን ፈተነ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት። ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይሰጥም።

ስለዚህ ደብተሩ የሚነበብ አይደለም። ቀኙን ግማሽ አጥፋችሁ ግራውን ብቻ እያያችሁ ትሠሩታላችሁ። በማግስቱ፣ ከዚያ በአራተኛው ቀን፣ ከዚያ በአሥረኛው፣ ከዚያ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ቀኖቹን ከገጹ አናት ላይ አስቀድማችሁ ጻፏቸው፤ አለዚያ ትረሳላችሁ። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከመጣ የገጹን ጥግ በመቀስ ቁረጡት። አንዴ ከተሳሳታችሁ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ቅር ይላል፣ ግን እንደዚያ ነው።

መልሱ ፊደል ሆኖ ትዝ ካላችሁ («ቢ ነበር መሰለኝ») አልሠራችሁትም። ለምን እንደሆነ በአፋችሁ ተናገሩ። ሰሚ ከጠፋ ለግድግዳውም ቢሆን።

7. እሑድ ቆጠራ

በሳምንት አንዴ አራቱን ዓይነቶች ቁጠሩ። የእህቴ ልጅ 23 ስህተቶች ሲከፋፈሉ 9 «አላውቀውም»፣ 6 «እጄ ቀደመ»፣ 6 «ሌላ ጥያቄ»፣ 2 «ሰዓት» ሆኑ። እሷ «ፊዚክስ አይገባኝም» ነበር የምትለው። 23ቱን ሁሉ አለማወቅ አድርጋ ቆጥራው ነበር። ከእነሱ 14ቱ ግን ከምታውቀው ትምህርት ነው የወጡት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አዲስ ምዕራፍ አልነካንም፤ ማስመር ብቻ ተለማመደች።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች

በእንግሊዝኛ ምንባብ ጥያቄ ላይ ስህተቱ ትንሽ ይለያል። ብዙ ጊዜ የመረጣችሁት ነገር ምንባቡ ውስጥ አለ፣ እውነትም ነው፣ ግን የተጠየቀው እሱ አይደለም። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ተጠይቆ የአንድ አንቀጽ ዝርዝር ትመርጣላችሁ። ስትመረምሩ ምርጫው ከየትኛው መስመር እንደመጣ ጣታችሁን አስቀምጡበት። ትክክለኛውም መስመር አለው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አንብቧቸው።

የመልስ ቁልፍም ይሳሳታል። በተለይ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ፒዲኤፍ። ሁለቴ ሠርታችሁ ሁለቴም ከቁልፉ ከተለየ፣ ራሳችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት መምህር አሳዩ። እኛ በአንድ የቆየ የሒሳብ ወርክሺት ምክንያት አንድ ማታ ሙሉ ተጨቃጭቀን ቁልፉ ተሳስቶ ተገኝቷል። አሮጌ ፈተና ስትሠሩ ደግሞ ጥያቄው አሁን በእጃችሁ ባለው መጽሐፍ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ እለፉት።

8. የመጨረሻው ሳምንት

አዲስ ሞዴል አትጀምሩ። ጥጋቸው ያልተቆረጠ ገጾችን ብቻ ሥሩ። ከእነሱም የየገጹን የመጨረሻ መስመር («ይህን ሳይ ይህን አደርጋለሁ») በአንድ ወረቀት ላይ ሰብስቡ። የእሷ ለስድስቱም ትምህርት ሁለት ገጽ ሞላ። በ2014 ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተገብቶ መሰጠት ጀመረ፤ ስልክም አይፈቀድም። ስለዚህ ያንን ወረቀት በመጨረሻዎቹ ቀናት ሳያዩ እስኪሉት ድረስ ያዙት።

እሷ ወረቀቱንም ደብተሩንም ትታልን ሄደች። ባለፈው እሑድ አራሚው ልጄ ደብተሩን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ቀኙን ግማሽ እንደ ትልቅ ሰው አጥፎ፣ የመኪናውን ጥያቄ ጮክ ብሎ አነበበ። ለአፍታ አሰበ።

«ቀላል ናት» አለ። «50።»